ሣሩ ሳይጠወልግ

ዘካሪያስ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር ይፈራ ነበር፤ አንደኛው ኦዲተር፣ ሁለተኛው የሚስቱ ዝምታ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ኦዲተሩ ቀርቶለታል።

ሚስቱ ማሚቱ ዝም ያለችው ከዓይን ሐኪም በተመለሱበት ዕለት ነው። ሐኪሙ ሰው አክባሪ ወጣት ስለነበር ነገሩን አለሳልሶ ነው የነገራቸው። ግላኮማ ይባላል፤ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም፤ እይታዋ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ይሄዳል። ማሚቱ ይህን ያለ ሐኪምም ታውቀዋለች። ከዓመት በላይ ሆኗታል ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ማየት ከጀመረች። የዘካሪያስን አፍንጫ ስታይ ጆሮው የለም፣ ጆሮውን ስትፈልግ አፍንጫው ይጠፋል። "ግድ የለም፣ ሁለቱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ" ትለዋለች።

ሴቻ ያለው ቤታቸው በረንዳ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቃል ሳትናገር ተቀመጠች። ዘካሪያስ ወንበሩን እያቀረበና እያራቀ፣ ውሃ እያመጣና እየመለሰ ዋለ። በመጨረሻ እሷው ተናገረች።

"ሻልኮ ላይ ልውጣ" አለች። "ሳይጨልምብኝ አንዴ ወጥቼ ዓባያን ልየው።"

ሻልኮ ከምዕራብ ዓባያ ወዲያ ነው። ወደ ሐይቁ ሲወርዱ፣ በግራርና በእሾህ መካከል ብቻውን የቆመ ራሰ በራ ተራራ ነው። ዝናብ በላዩ ያልፋል እንጂ አይወርድበትም። ማሚቱ የተወለደችው እግሩ ሥር ነው። ልጅ ሳለች አባቷ "ውጪና ዝናቡ የት እንደሚጥል አይተሽ ንገሪን" እያለ ይልካት ነበር። እሷ ጫፍ ላይ ቆማ ከሐይቁ ማዶ የትኛው ዳመና እንደከበደ አይታ ትወርዳለች፤ ቤተሰቡ ከብቱን የሚነዳው በእሷ ቃል ነው። የቤቱ ዓይን እሷ ነበረች።

ዘካሪያስ ሻልኮ የሚለውን ስም መስማት አይወድም። ያነሳው ግን ጉልበቱን ነው። "በዚህ ጉልበቴ?" አላት። ሳምንት ቆይቶ ሙቀቱን አመጣ፤ ቀጥሎ መንገዱን። መንገዱም ሲያልቅበት ወደ ጉልበቱ ተመለሰ።

እውነቱ ሌላ ነው። ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ሻልኮን የለካው ዘካሪያስ ራሱ ነበር። ያኔ የመሬት ቀያሽ ነው። ወሩ ጥር ነበር። በጥር የሻልኮ ሰው ከብቱን ይዞ ሐይቅ ዳር ይወርዳል፤ በዚያ ወር ሣር ያለው እዚያ ብቻ ነው። ተራራው ሥር የሚቀረው የተዘጋ ጎጆና ጭር ያለ በረት ነው። ቅጹ ደግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በልኬታው ዕለት መሬቱ ላይ የተገኘው ባለይዞታ ማን ነው? ማንም አልተገኘም። ሌላ ቀያሽ ቢሆን አንድ ቀን ይጠብቃል፣ ሐይቅ ዳር ሰው ልኮ ያስጠራል። ለዘካሪያስ ግን የሚስቱ አገር ነው። ለአማቾቹ አዳላ ተብሎ ቢሮ ውስጥ ከሚታማ ቢሞት ይሻለዋል። ስለዚህ ደንቡን ፊደል በፊደል ተከትሎ "ባዶ መሬት፤ ባለይዞታ የለውም" ብሎ ጻፈና ፈረመ። ሐሜት የሚፈራ ንጹሕ ሰው ከሌባ እኩል ቤት ያፈርሳል።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ባለሀብት ባዶ የተባለውን መሬት ተረከበ። ሽቦ አጠረበት። የማሚቱ ታላቅ ወንድም ካሱ ከነከብቱ ከሽቦው ውጭ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዘካሪያስ እግሩን ወደዚያ አላነሳም። ለቅሶም ሲሆን ሠርግም ሲሆን ማሚቱ ልጃቸውን ማዕዶትን ይዛ ትሄዳለች፤ እሱ ሁልጊዜ ስብሰባ አለው። ስብሰባ ለመንግሥት ሠራተኛ የማያልቅ ስንቅ ነው። ማሚቱም አንድ ቀን እንኳ ለምን ብላ አልጠየቀችውም፤ እሱም አታውቅም ብሎ አረፈ።

ባለሀብቱ እርሻው አልሆን ብሎት ጥሎ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል። አገሬው ሽቦውን ጠቅልሎ ገብቷል፤ ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ "ባዶ" ይላል። እነሱም ነገሩ በፍርድ ቤት እስኪለይ ድረስ ያለ ሽማግሌ ፈቃድ ማንም ሻልኮን እንዳይረግጥ ተስማምተዋል። ሜትር ይዞ የመጣ ሰው አንዴ አቃጥሏቸዋላ።

በወሩ መጨረሻ ማሚቱ ከጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ልታነሳ እጇን ዘርግታ አየር ጨበጠች። ሁለተኛም ጨበጠች። ዘካሪያስ ይህን አየና በማግሥቱ ጠዋት ኮቱን ለበሰ።

የመረጠው የለመደውን መንገድ ነው፤ ደብዳቤ። የድሮ ቢሮው ያሉት ልጆች ተነስተው አስቀመጡት፣ ጻፉለት፣ ማኅተሙን ረገጥ አድርገው መቱለት። "የጡረተኛ ባልደረባችን አቶ ዘካሪያስና ባለቤታቸው ተራራውን እንዲጎበኙ ትብብር ይደረግላቸው" ይላል። ደብዳቤውን በፕላስቲክ አቃፊ ከቶ፣ ከሲቀላ ሚኒባስ ይዘው ምዕራብ ዓባያ ወረዱ፤ ከዚያ በባጃጅ እስከ ተራራው እግር።

የድሮው የእርሻ በር ላይ ኦሊያድ የሚባል ግዙፍ ሰው መፋቂያ እየነከሰ ተቀምጧል። መጀመሪያ የባለሀብቱ ጥበቃ ነበር፤ አሁን የአገሬው ጥበቃ ነው። ሽቦው ቢነሳም ከወንበሩ አልተነሳም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ።

"ማኅተሙ ጥሩ ነው" አለ። "ግን ተራራው ማኅተም አይሰማም። ጋሽ ካሱ ካልፈቀዱ አላሳልፍም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።" ወረቀቱን ሊመልስ ሲል ቆም አለ። "ይሄን ስም የት ነው የማውቀው? … አዎ። ጋሽ ካሱ ከኪሳቸው የማይለዩት ወረቀት አለ። እሱ ላይ ነው።"

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ። ዘካሪያስ ደብዳቤውን ተቀብሎ ወደ አቃፊው መለሰ። ማሚቱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ፊቷን ወደ ተራራው አዙራለች።

"ውሃ ስጠኝ፣ የማዕዶት አባት" አለች። 

ሲመለሱ በመንገዱ ሁሉ ዝም። በረንዳው ላይ ዝም። በሦስተኛው ቀን ዘካሪያስ አልቻለም። ሽፈራው ቅጠል እየቀነጠበች ሳለ ፊት ለፊቷ፣ በዓይኗ መሃል እንዲሆን ተጠንቅቆ ተቀመጠ።

"ማሚት፣ ሻልኮን ባዶ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

እጇ አልቆመም። "አውቃለሁ" አለችው።

"ከመቼ?"

"ሽቦው በታጠረ በወሩ ጋሼ ካሱ ወረቀቱን አሳየኝ። ፊርማህን መቼም አልስተውም፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል።"

"አሥራ ስምንት ዓመት ዝም አልሽኝ?"

"አንተም ዝም አልከኝ። እኔ መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ አንተው እስክትነግረኝ ልጠብቅ አልኩ። መጠበቁ ሲረዝም ደግሞ ለመድኩት፤ እንደ ጉልበትህ ሕመም፣ ሲበርድ ብቻ ይሰማኛል።" ቅጠሉን ወደ ጎን አደረገችው። "አሁን ግን ጊዜ የለኝም። አንተ ደግሞ ምን ይዘህ ሄድክ? ማኅተም። አማቹ ቤት ማኅተም ይዞ የሚሄድ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅ።"

"ምን ይዤ ልሂድ ታዲያ?"

"የዚህ አገር ሰው አይደለህም እንዴ? ሲበድሉ ምን ይይዛሉ?"

ዘካሪያስ የደጋ ጋሞ ልጅ ነው፤ ያውቃል። የበደለ ሰው፣ ወይም ጠብ የሚያበርድ ሽማግሌ፣ እርጥብ ሣር በሁለት እጁ ይዞ ይንበረከካል። ሣር የያዘ ሰው አይገፋም። ግን ሣሩ እርጥብ መሆን አለበት፤ የደረቀ ይዞ መሄድ ከነጭራሹ ካለመሄድ ይከፋል። ወሩ ደግሞ የካቲት ነው። በየካቲት ሻልኮ ሥር እርጥብ ነገር ቢፈለግ የሰው ዓይን ብቻ ነው።

"ከዚህ እንወስዳለን" አለች ማሚቱ።

በማግሥቱ ማለዳ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወርደው አጨዱ። እሱ ያጭዳል፣ እሷ በእጇ እየዳበሰች ለስላሳውን ትመርጣለች። በውሃ በተነከረ ፎጣ ጠቀለሉት፤ ፎጣውን በፌስታል። ሲቀላ መናኸሪያ ሚኒባሱ ውስጥ ዘካሪያስ ጥቅሉን ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀመጠ። ገና ከከተማ ሳይወጡ ሙቀቱ ጀመረ። ማሚቱ በየደቂቃው ከጠርሙሷ በእጇ ትረጫለች።

"ጋሼ፣ ለጥጃ ነው?" አለ ረዳቱ።

"ለአማቼ ነው" አለ ዘካሪያስ።

ረዳቱ ሳቀ። ከኋላ ወንበር የነበሩ ሴትዮ ግን በጋሞኛ "ዝም በል አንተ" አሉትና አንገታቸውን አስግገው አዩ። "ለዕርቅ ነው?"

"ለዕርቅ ነው፣ እናቴ።"

ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም። የማሚቱ ጠርሙስ ግማሽ መንገድ ላይ ሲያልቅ ሴትዮዋ የራሳቸውን አቀበሉ። እሱም ሲያልቅ ከፊት አንዲት ተማሪ የገዛቻትን የታሸገ ውሃ ሳትከፍታት ወደ ኋላ ሰጠች። ሾፌሩ በመስኮት የገባውን ፀሐይ አይቶ ጨርቁን ከፊት መስታወት አንስቶ ላከላቸው። ረዳቱ መጋረጃ አድርጎ ያዘው፤ አፍሮ ስለነበር እስኪወርዱ ድረስ እጁን አላወረደም። ዘካሪያስ ማንም እንዳያየው ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ስንት ወረቀት ተሸክሟል፤ ለአንዱም ሰው ውሃ አልሰጠውም።

ኦሊያድ ከሩቅ ሲያያቸው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ፌስታሉን አየ፤ ከፌስታሉ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየ። ምንም ሳይጠይቅ ከወንበሩ ተነስቶ ፊት ፊት መራቸው።

ካሱ ከትልቁ ግራር ሥር ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ነበር። ሰባውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ አገጩ ላይ ብቻ ፂም ያለው ሰው ነው። እህቱን አይቶ ሊነሳ ሲል ከኋላዋ የቆመውን አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

ዘካሪያስ ፎጣውን ፈታ። ሣሩን በሁለት እጁ ያዘ። መጀመሪያ ግራውን ጉልበት አጠፈ፤ ቀኙ እምቢ አለ። ማሚቱ ልትደግፈው እጇን ዘረጋች፤ አየር ጨበጠች። እንደምንም ብሎ ወረደ። ጠጠሩ ጉልበቱን በላው።

"በድያለሁ" አለ። "ይቅር በሉኝ ለማለት ነው የመጣሁት።"

ካሱ ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ከእጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ከዘካሪያስ ፊት መሬት ላይ ዘረጋው።

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አለ። "ሌሎች ያነበቡልኝን ነው የማውቀው። ዛሬ የጻፈው ሰው ያንብብልኝ።"

ዘካሪያስ አነበበ። ቀኑን፣ ስፋቱን፣ ድንበሩን። "ባዶ መሬት፤ ባለይዞታ የለውም" ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ።

"አልሰማሁም" አለ ካሱ።

ደግሞ አነበበው።

"እኔ ያን ዕለት ከብት ላጠጣ ወርጄ ነበር" አለ ካሱ። "ስመለስ ችካል ተተክሏል። አንዱ ከቤቴ በር ሦስት ክንድ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ያንገበገበኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ? መሬቱን አይደለም። አህያ እንኳ ሲያልፍ ሰው ያለበትን ቤት ያውቃል። እህቴን የሰጠሁህ ሰው ቤቴ በር ቆመህ እንዴት ሰው የለም አልክ? ምናልባት አላወቀም፣ ምናልባት አልገባም እላለሁ። እሱን ብቻ ንገረኝ። ገብተህ ነበር?"

ዘካሪያስ አንገቱን ደፋ። አላወቅሁም ቢል ይታመናል። ማሚቱም ታምነዋለች፤ አሥራ ስምንት ዓመት ያወቀችው ስለ ፊርማው ብቻ ነው። ይህን ግን ለራሱም ደፍሮ ተናግሮት አያውቅም።

"ገብቻለሁ" አለ። "በሩን ከፍቼ ገብቻለሁ። ምድጃው ላይ አመድ ነበር። ጎንበስ ብዬ እጄን ከተትኩ።" ዓይኑን ወደ ካሱ አነሳ። "ሙቅ ነበር፣ ጋሽ ካሱ። አመዱ ሙቅ ነበር። ሰው እንዳለ አውቄያለሁ። አዳላ እንዳልባል ፈርቼ እጄን ጠርጌ ወጣሁና ባዶ ብዬ ጻፍኩ።"

 ማሚቱ ቀስ ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ሃያ አንድ ዓመት አብሯት ሲበላ፣ ሲተኛ ያ እጁ ሙቀቱን ይዞ ነበር ማለት ነው። አልቅሳ የማታውቅ ሴት አይደለችም፤ ያን ዕለት ግን ያለቀሰችው ለወንድሟ ይሁን ለባሏ እሷም አልለየችውም።

 ካሱ ጎንበስ ብሎ ከሣሩ አንዲት ሰበዝ መዘዘና በጣቱ አሻት። አረንጓዴ ሆኖ ረጠበለት።

"ይሄ ከየት መጣ?"

"ከኩልፎ ነው ጋሼ" አለች ማሚቱ።

"በዚህ ፀሐይ?"

"ሚኒባሱ ሙሉ ሰው እያጠጣው።"

ካሱ ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹ እሱን አዩ። ከዚያ ሣሩን በሁለት እጁ ተቀበለና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተካፈለው። የዘካሪያስን ብብት ይዞ ሲያነሳው ሁለቱም አቃሰቱ።

"ጉልበትህ ከኔ ይብሳል" አለው። "እኔ በስድስት ዓመት እበልጥሃለሁ።"

"ወንበር ነው የጎዳኝ።"

"ወንበርማ ብዙ ሰው ጎድቷል።"

ወረቀቱን ገለበጠለት። ጀርባው ባዶ ነው። ባዶ መባል ያለበት ይህ ብቻ ነበር። "ነገራችን በሚመጣው ወር ፍርድ ቤት ይታያል" አለ። "አሁን ያልከውን እዚህ ላይ ጻፈው። አመዱን ጭምር።" ዘካሪያስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ ቀኑን፣ ሙሉ ስሙን፣ የነበረበትን ሥራ፣ በሩን፣ አመዱን። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊርማው ዶሮ የጫረችው አልመሰለም። ጡረታዬን ቢነኩብኝስ የሚል ሐሳብ መጥቶበት ነበር፤ መጥቶ ሄደ።

ያን ዕለት ካሱ ቤት ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ የበቆሎ ኩርኩፋ በልተው አደሩ። በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ድንጋዩ ሳይግል መውጣት ጀመሩ። ካሱ ከፊት፣ ማሚቱ መሃል፣ ዘካሪያስ ከኋላ በዱላ። ሊደግፋት አስቦ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ተወችና በእግሯ ሄደች። "እዚህ ጋ ልሙጥ ድንጋይ አለ፣ በግራ እለፉ" ትላለች፤ ድንጋዩ አለ። "ከዚህ በላይ የእጅ መያዣ ሥር ነበረ።" ሥሩ ደርቋል፤ ግን አለ። ዘካሪያስ በጂፒኤስ የለካውን ተራራ እሷ በጣቶቿ ታውቀዋለች። ሦስቴ አረፉ፤ ሦስቱንም ጊዜ የጠየቀው እሱ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ካሱ ሳቀበት።

ጫፍ ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታለች። ከታች ግራርና አሸዋ፣ ከዚያ ወዲያ ዓባያ ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። ማሚቱ ሐይቁን በአንዴ ማየት ስለማትችል ከግራ ጀምራ በትንሽ በትንሹ አየችው፤ መጽሐፍ እንደምታነብ ሴት ራሷን ቀስ እያለች እያዞረች። ደሴቶቹ ላይ ቆየች። ከማዶ ካለው ተራራ በላይ አንዲት ዳመና አገኘች።

"እዚያ ነገ ይጥላል" አለች።

"በየካቲት?" አለ ዘካሪያስ።

"ዝም በል፣ እሷ ታውቃለች" አለው ካሱ።

ከዚያ ማሚቱ ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጠች። ሁለቱ ሰዎች ወደ ድንጋዩ ዳር ቆመዋል፤ በመካከላቸው አራት እርምጃ ይኖራል። ታርቀዋል፤ ግን ሃያ ዓመት በአንድ ቀን አያልቅም፤ ክንዳቸውን የት እንደሚያኖሩ ገና አላወቁም። ካሱን አየችው። ዘካሪያስን አየችው። እንደገና ካሱን።

"አንዳችሁን ሳይ አንዳችሁ ትጠፋላችሁ" አለች። "ተጠጉ።"

ካሱ አንድ እርምጃ መጣ። ዘካሪያስም አንድ።

"ገና ነው።"

ደግሞ ተጠጉ።

"የማዕዶት አባት፣ ግማሽህ ውጭ ነው ያለኸው።"

ዘካሪያስ ትከሻውን አስጠጋ። የካሱ ትከሻ ቀጭን፣ ግን ጠንካራ ነበር። ካሱ ክንዱን አንስቶ በአማቹ አንገት ዙሪያ ጣለው።

"አሁን ሁለታችሁም አላችሁ" አለች ማሚቱ። "እንዳትንቀሳቀሱ።"

አልተንቀሳቀሱም። ድንጋዩ መጋል ጀመረ፤ የዘካሪያስ ጉልበት ይጠዘጥዘዋል። እሷ እስክትጠግብ ድረስ ቆሙላት።